ዘይት በላ የተባለው ሞተር

የመርሳውን መካኒክ ስም ለማጉደፍ አንድ ሳምንት በቃኝ። መሳሳቴን ለማወቅ ግን ሁለት ወር ፈጀብኝ። በዚህ መካከል እኒያ ሰው ደንበኞቻቸውን አጡ፤ ከሃያ ዓመት በላይ የሠሩበትን ደጅ ዘግተው ኮምቦልቻ ወዳለው ወንድማቸው ዘንድ ሊሄዱ ማሰባቸውም ተሰማ። ሐሰት ፈጥሬ አልነበረም የጎዳኋቸው። ያየሁትን ጽፌ፣ መጽሐፍ ገልጬ፣ አመዛዝኜ ነው። እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝም ይኸው ነው።

ሥራዬ የእንስሳት ጤና ነው። ተወልጄ ያደግሁት ወልድያ ሲሆን ሐብሩ ወረዳ ከተመደብሁ ወዲህ መርሳ ላይ ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። ከብት የሚታመምበት ገበሬ አብዛኛውን ጊዜ መኪና የማይደርስበት ቦታ ስለሚኖር ያለ ሞተር ሳይክል ወዲያ ወዲህ ማለት አይቻልም። ስለዚህ ከአካባቢው ከተዛወረ ባልደረባዬ አንዲት ያገለገለች ሞተር ሳይክል ገዛሁ። ስገዛት በእርግጥም ዘይት ትበላ ነበር። ከማርሚታዋ ሰማያዊ ጭስ ይወጣል፤ ነዳጁን የሚለኩሰው ካንዴላዋ ሲፈታ ጥቁርና እርጥብ ሆኖ ይገኛል። ወደ መካኒኩ የወሰድኋት ለዚሁ ነበር።

መካኒኩ ወደ ስልሳ የተጠጉ፣ ሲሠሩ የማይናገሩ፣ መናገር ሲፈልጉ ደግሞ አስቀድመው እጃቸውን በጨርቅ የሚጠርጉ ሰው ናቸው። ቁልፍ ከማንሣታቸው በፊት «ቢስሚላህ» ይላሉ። ሞተር ከከፈቱ በኋላ ውስጡን ለባለቤቱ ሳያሳዩ አይገጥሙም፤ ለእኔም አሳዩኝ። መካኒኮች ፋሻ የሚሏቸው የፒስተን ቀለበቶች ከመበላታቸው የተነሣ እንደ ምላጭ ሳስተዋል። በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ጥፍር የሚይዝ ጭረት አለ። የቀድሞው ባለቤት ዳገት ላይ ጉልበት ታገኛለች ብሎ የአየር ማጣሪያዋን አውልቆ ጥሎት ኖሮ፣ የሐብሩ አቧራ ሳይጣራ ወደ ሆዷ ሲገባ ከርሟል። መካኒኩ እጃቸውን ጠርገው፣ ሰውዬው አፍንጫዋን ቆርጦ ነው ተንፍሺ የሚላት አሉ። ሲሊንደሩ ወልድያ ወደሚገኝ ቶርኖ ቤት ሄዶ ተሞረደ፤ አዲስ ፒስተንና አዲስ ፋሻ ገባ፤ ማጣሪያውም ተተካ። ሲሸኙኝ ዘይቱን በየሳምንቱ እንድለካ አደራ አሉኝ።

አደራውን ጠበቅሁ። ሞተር ሳይክሏ የምትቆመው በተከራየሁበት ግቢ ውስጥ፣ ወደ አጥሩ ዘንበል ባለው መሬት ላይ፣ በጎን እግሯ ጋደል ብላ ነው። በመጀመሪያው እሑድ በሞተሩ ቀኝ ጎን ያለውን የዘይት መለኪያ ዘንግ ፈትቼ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠርጌ፣ መልሼ ነክሬ አወጣሁት። ጫፉ ደረቅ ነበር። ክው አልሁ። ዘይት ገዝቼ መለኪያው ሙሉ እስኪያሳይ ጨመርሁ። በሚቀጥለው እሑድ እንደገና ቀንሶ ነበር፤ እንደገና ጨመርሁ። ወሩ ሳያልቅ ያ የማውቀው ሰማያዊ ጭስ ተመልሶ መጣ፤ የአየር ማጣሪያውም በዘይት ርሶ ተገኘ።

ነገርን በሥርዓት መመርመር እወዳለሁ። በወረቀት ላይ ሞተር ዘይት የሚጨርስባቸውን ምክንያቶች ጻፍሁ፤ ከሞተር ሳይክሏ ጋር ከተላለፈልኝ የእጅ መጽሐፍና ከሌሎች ንባቦች የለቀምኋቸው ነበሩ። ዘይት ወደ ውጭ ያፈስ እንደሆነ ብዬ ከሥሯ ካርቶን አንጥፌ አሳደርሁ፤ ጠብታ አልነበረም፤ ሰረዝሁት። ዘይቱ ከመጠን በላይ ቀጥኖ እንደሆነ ብዬ የተጻፈበትን ቁጥር አመሳከርሁ፤ ትክክል ነበር፤ ሰረዝሁት። የቫልቭ ጎማ ሲያረጅ የሚያጨሰው ቆሞ የቆየ ሞተር ሲነሣ፣ ወይም ከቁልቁለት በኋላ ነዳጅ ሲሰጠው ነው ይላል፤ የእኔዋ ሁልጊዜ ታጨሳለች፤ ሰረዝሁት። ዘይት ከልክ በላይ መሙላትም ተጽፎ ነበር። መለኪያው በየሳምንቱ ጉድለት እያሳየኝ ሞልቷል ብሎ ማሰብ የማይመስል ነገር ነውና እርሱን ያለ ምርመራ ሰረዝሁት። የቀረው ፋሻው ብቻ ነበር። አዲስ ፋሻ ደግሞ በወሩ አይበላም። እንግዲህ አዲሱ አልገባም ማለት ነው፤ አሮጌው ተጠርጎ ተመልሶ ገብቷል። እዚህ መደምደሚያ ላይ ስደርስ የተሰማኝ ድንጋጤ እውነተኛ ነበር። አንቱ ያልኋቸው፣ ቢስሚላህ ብለው የሠሩልኝ ሰው አታለሉኝ ብዬ ምሳዬን ሳልበላ ዋልሁ።

ሄጄ እርሳቸውን መጠየቅ ነበረብኝ። ነውር መሰለኝ። በዕድሜ አባቴን የሚያህሉ ሰው ፊት ቆሜ አታለሉኝ ማለት ከበደኝ፤ ከእርሳቸው ጀርባ ለሌላው መናገር ግን አልከበደኝም። ያን ሳምንት በሦስት ቦታ ተናገርሁ። ወልድያ ለቶርኖ ቤቱ ባለሙያ ነገርሁት፤ ሲሊንደሩን የሞረደው እርሱ መሆኑን፣ ፋሻው ሲገባ ግን አለማየቱን ነገረኝ፤ እኔም ያንን እንደ ምስክርነት ቆጠርሁት። መርሳ ባጃጆች በሚሰለፉበት ቦታ፣ ለምን ታጨሳለች ብለው ለጠየቁኝ ሾፌሮች ነገርሁ። ውርጌሳ ላይ ደግሞ የሞተር ሳይክል ዕቃ ለሚሸጥ ነጋዴ ነገርሁት። ይህ ሰው የአካባቢውን ገበሬዎች ሞተር ሳይክል ወደ መርሳው መካኒክ የሚልክ፣ የራሱንም እዚያ የሚያሠራ ነበር። በሦስቱም ቦታ ያልሁት አንድ ነው፦ «አሮጌውን ፋሻ መልሰው የገጠሙልኝ ይመስለኛል።»

ያቺ «ይመስለኛል» ከእኔ አፍ ርቃ አልሄደችም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ወሬው ወደ እኔ ሲመለስ መካኒኩ የሰው ፋሻ እያወጡ የሚሸጡ ሰው ሆነው ነበር። ባጃጆቹ ወደ ሌላ መካኒክ ዞሩ። ቀድሞ አምስትና ስድስት ሞተር ሳይክል ተራ ይጠብቅበት በነበረው ደጅ፣ ሳልፍ አንዲት ጎማዋ የወለቀ ብስክሌት ብቻ አያለሁ። መካኒኩ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ሰላምታዬን ይመልሳሉ። ኮምቦልቻ ሊሄዱ ነው የሚለውን ስሰማ ደነገጥሁ፤ ግን የጥፋተኛ ሽሽት ነው ብዬ ተረጎምሁት።

መካኒኩ እኔን አልከሰሱም፤ ሁለት ሽማግሌ ላኩብኝ። አንደኛው የሰፈራችን የመስጊድ ሰው፣ ሁለተኛው የደብሩ አስተዳደር አባል የነበሩ አዛውንት ናቸው፤ እንዲህ ጥንድ ሆነው የማያስታርቁት ጠብ የለም። ከደጄ ቆመው የመካኒኩን ቃል አደረሱ፦ «ቅዳሜ ጠዋት ሞተር ሳይክሏ በሰው ፊት ትከፈት፤ አሮጌ ፋሻ ከተገኘ ቁልፍ ዳግመኛ አልጨብጥም፤ አዲስ ከተገኘ ግን ዶክተር የሚለውን ያውቃል።» እዚህ አገር በሬ ያከመ ሁሉ ዶክተር ነው። ያለ ማመንታት እሺ አልሁ። እንዲያውም ያንን ሌሊት ደኅና ተኛሁ።

ቅዳሜ በመካኒኩ ደጅ የተገኘው ሰው ከጠበቅሁት በላይ ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ አከራዬ፣ ከአጠገቤ የሚኖረው መምህር፣ አራት ወይም አምስት የባጃጅ ሾፌሮች። መካኒኩ ሰላምታ ሰጡኝና ዘይቱን መቼ እንደለካሁ ጠየቁኝ። ትናንት ለክቼ፣ ጎድሎ አግኝቼው መሙላቴን ነገርኋቸው።

«እስኪ አሁን ለካልኝ» አሉ። «እቤትህ እንደምትለካው አድርገህ።»

ሞተር ሳይክሏን በጎን እግሯ አቆምኋት፤ ጋደል አለች። መለኪያውን ፈትቼ ጠረግሁ፤ ነክሬ አወጣሁ፤ ለሰው ሁሉ አሳየሁ። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ላይ በልኩ ቆሟል። መካኒኩ መለኪያውን ሳይሆን እጄን ሲያዩ ቆዩ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ የከብት በሽታ ምልክት ሲገለጥልኝ በእኔ ፊት ላይ የሚታየው ዓይነት ነገር ነበር። ከዚያ ሁለት ሾፌሮች ጠርተው ሞተር ሳይክሏን ቀጥ አድርገው እንዲይዟት አዘዙ።

ቀጥ ስትል፣ ጋደል ባለች ጊዜ ከመለኪያው ሸሽቶ ወደ ግራ የተኛው ዘይት ክዳኑ ከተከፈተው የመለኪያ ቀዳዳ ፈልቆ በመካኒኩ እጅ ላይ ወረደ።

መካኒኩ አንድ ሊትር የሚይዝ ባዶ የዘይት ጣሳ ከሥሯ አስቀምጠው የማፍሰሻውን ብሎን ፈቱ። የሞተሩ ልክ አንድ ሊትር ነው፤ በጎኑ ተጽፏል፤ እኔም በቃሌ አውቀዋለሁ። ጣሳው ሞላ። መካኒኩ ቀዳዳውን በጣታቸው ደፍነው ሁለተኛ ጣሳ ጠየቁ። እርሱም ሞላ። ሦስተኛ ጠየቁ። ሦስተኛው ጣሳ ሥሩ ሲሸፈን አየሁ፤ ዘይቱ ግን ገና ይወርዳል። ከባጃጅ ሾፌሮቹ አንዱ፣ ሁልጊዜ የሚያሾፍብኝ፣ ዝም ማለት አልሆነለትም።

«ዶክተር፣ ሞተር ገዛሁ ብለህ የምትታለብ ኖሯል የሸጡልህ።»

ሳቁ በአንድ ጊዜ ፈነዳ፤ በአንድ ጊዜም ቆመ። ምክንያቱም አከራዬ፣ እጅግ ቁጥብ የሆኑ ሰው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ መሬት እያዩ፣ እርሳቸውም ሞተር ሳይክሏን ተውሰው በመለሱ ቁጥር ትንሽ ዘይት ያንጠባጥቡባት እንደነበር ተናገሩ። መምህሩ ቀና ብሎ አያቸው። እርሱም እንዲሁ ያደርግ ነበር። ከሽማግሌዎቹ የደብሩ ሰው በበኩላቸው ባለቤታቸውን ወልድያ ሐኪም ቤት ያደረሱባት ጊዜ ልጃቸው ግማሽ ሊትር ያህል ሞልቶባት እንደመለሳት አስታወሱ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። እኔ በየሳምንቱ እሑድ እሞላለሁ፤ ሦስት ቤት ደግሞ በየተራ ይሞላል።

ከመካከላቸው አንዱም ክፉ አላሰበም። በእኛ ዘንድ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ሰሐን የተዋሰ ጥራጥሬ ጣል አድርጎበት ይመልሳል፤ በሬ የተዋሰ አጥግቦ ይመልሳል። ሞተር ሳይክል የተዋሰ ደግሞ ቤንዚን ሞልቶ ይመልስ ነበር። ቤንዚን ጠፍቶ በመንገድ ዳር በውሃ ፕላስቲክ የሚሸጠው፣ ከምን እንደተቀላቀለ የማይታወቀው ብቻ ሲቀር፣ ያንን በሰው ንብረት ላይ መጨመር አስፈራቸው። የሞተር ዘይት ግን በየሱቁ ታሽጎ ይገኛል። ስለዚህ ዘይት ጨመሩ። ጨመርሁ ብሎ መናገር ደግሞ ውለታን መቁጠር ነውና ማንም አልነገረኝም። ሞተሩ ትርፉን በመተንፈሻው ወደ አየር ማጣሪያው እየገፋ፣ የቀረውን እያቃጠለ ሊያስወጣ ይታገላል፤ እርሱ ያወጣውን እኛ አራታችን እየተካን ስናንቀው ከርመናል።

መካኒኩን ይበቃል፣ ተዉት፣ አይክፈቱት ብዬ ለመንኋቸው። እጃቸውን ጠረጉ።

«አይበቃም ዶክተር። አንተ የተናገርኸው ስለ ዘይቱ አይደለም፤ ስለ ፋሻው ነው።»

ከፈቱት። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ፤ የሄደ ሰው ግን የለም። ፒስተኑን አውጥተው፣ ከነፋሻው በነጭ ጨርቅ ላይ አድርገው፣ በመጀመሪያ ለመስጊዱ ሰው፣ ቀጥሎ ለደብሩ ሰው፣ በመጨረሻ ለእኔ አቀረቡ። ፋሻው አዲስ ነበር። ወደ ላይ የሚዞረውን ጎኑን ለማሳየት በፋብሪካ የተቀረጸበት ፊደል እንኳ አልጠፋም። የሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የሞረዱ ጥልፍልፍ መስመር ገና ይነበባል። ለማየት ጎንበስ ባልሁበት ቀና ማለት አቃተኝ። ጉልበታቸውን ልስም ስል ያዙኝ።

«አፉ ብያለሁ» አሉ። «ዘይቱን ቀጥ አድርገህ ለካ ሳልልህ መቅረቴ የእኔም ጥፋት ነው። ግን የተናገርኸው እዚህ አይደለም። የተናገርህበት ሂድና ተናገር።»

ቤት ገብቼ የእጅ መጽሐፉን ገለጥሁ። የዘይት መጠን በየሳምንቱ ይለካ የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከወራት በፊት በእርሳስ አሥምሬበት ነበር። ከሥሩ ያለው ዓረፍተ ነገር፣ ሞተር ሳይክሉ በደልዳላ መሬት ላይ ቀጥ ብሎ መቆም እንዳለበት የሚናገረው፣ መሥመር አልነበረውም። በዚያ ገጽ ላይ ስንት ጊዜ ዓይኔን እንዳሳለፍሁ አስቤ ቀዘቀዝሁ።

ሰኞ ወልድያ ሄድሁ። የቶርኖ ቤቱ ባለሙያ ማሽኑን አቁሞ እስከ መጨረሻው አደመጠኝ፤ እርሱም ከዚያ ወዲህ ወደ መካኒኩ ሥራ አለመላኩን አምኖ፣ በማግሥቱ ሁለት ሲሊንደር ላከላቸው። ባጃጆቹ ዘንድ መናገር እንኳ አላስፈለገኝም፤ ቅዳሜ ያዩት ለቀሩት ነግረዋቸው፣ እኔን ሲያዩ በእጃቸው የማለብ ምልክት ያሳያሉ። ወደ መካኒኩም ተመለሱ። ሳፍር ብውልም ደስ አለኝ። የኮምቦልቻው ጉዞ ቀረ ተባለ። ከቀሩት ሁሉ ከባዱ ውርጌሳ መሆኑን አላወቅሁም ነበር።

የውርጌሳው ነጋዴ ወንበር አቅርቦ ተቀበለኝ። ገና አፌን ስከፍት ስለ ሽማግሌዎቹ መስማቱን ነገረኝና እርቅ ደግ ነገር መሆኑን፣ ወጣት ሲታረቅ ደግሞ እንደሚያምርበት ተናገረ። እርቅ ብቻ አለመሆኑን፣ የተሳሳትሁት እኔ መሆኔን ነገርሁት። ራሱን በአክብሮት ነቀነቀ። ስለ ጎን እግሩ፣ ስለ ተዳፋቱ፣ ስለ ሦስቱ ጣሳ፣ ሞተር ሳይክሏን ስለተዋሱት ጎረቤቶች፣ ስለ ፋሻው ፊደል ሁሉን ዘረዘርሁ። በዘረዘርሁ ቁጥር ፊቱ ላይ የሚታየው አድናቆት ጨመረ፤ አድናቆቱ ግን ለመካኒኩ አልነበረም።

«ጨዋ አሳድጎሃል» አለኝ በመጨረሻ። «ሽማግሌ ከገባ ወዲያ እንዲህ ነው የሚባለው። የሰው ገበና ይሸፈናል።»

ምን ማለቱ እንደሆነ ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ። ሲገባኝ ከዘይቱ ቀን ይልቅ ደነገጥሁ። ያን ጊዜ ያለ ማስረጃ፣ ቆሜ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር የነገርሁትን ሳይጠይቅ አመነኝ። ዛሬ ተቀምጬ፣ በማስረጃ፣ በራሴ ላይ የመሰከርሁትን ግን የእርቅ ወግ አድርጎ ወሰደው። ስምልለት ይበልጥ ጨዋ እሆናለሁ፤ ስቆጣ ደግሞ የተገደድሁ እመስላለሁ። መርሳ መጥቶ ሞተሩን ራሱ እንዲያይ ለመንሁት። ሥራ በዝቶበታል። ውሃ አስመጥቶ አጠጣኝና እስከ መንገዱ ሸኘኝ።

ለመካኒኩ የሆነውን ሳልቀንስ ነገርኋቸው። ሌላ ጊዜ ሄጄ እንደምሞክር ቃል ገባሁ፤ እንዳልሁትም ሁለት ጊዜ ተመለስሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ተመስግኜ ወጣሁ። ነጋዴው ግን የራሱንም ሆነ የሌላ ሰው ሞተር ሳይክል ወደ መካኒኩ አላመጣም። ሞተር ሳይክሌን የሚዋሱ ጎረቤቶቼን ዘይት እንዳይጨምሩ ብጠይቃቸው ባዶዋን መመለሱ ስለሚያሳፍራቸው አሁን አጥበው ይመልሷታል። እሑድ ስለካ ከግቢው ወደ አስፋልቱ ዳር ገፍቼ አወጣታለሁ፤ መምህሩ ቀጥ አድርጎ ይይዝልኛል። ከዚያ ወዲህ ዘይት አልጨመርሁባትም፤ ጭሱም የለም።

ባለፈው ሰሞን ከመካኒኩ ደጅ ቆሜ ሳለሁ የውርጌሳው ነጋዴ በሞተር ሳይክሉ መጣ። ከውርጌሳ ወደ ወልድያ የሚሄድ ሁሉ መርሳን ማለፉ ግድ ነው፤ ዋናው መንገድም በመካኒኩ ደጅ ፊት ነው። ከፊት ያለ መኪና አቁሞት እግሩን መሬት ላይ አሳረፈ። እኛን አይቶ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሣ፤ መካኒኩም አጸፋውን መለሱ። መኪናው ሲነቃነቅ ነዳጅ ሰጣት፤ ከማርሚታዋ አንዲት ሰማያዊ ጭስ ቡን ብላ ወጣችና ወዲያው ጠራች። ወደ ወልድያ ዘለቀ።

መካኒኩ ድምፁ እስኪርቅ በጆሯቸው ተከተሉት።

«የቫልቭ ጎማ ነው» አሉ። «የግማሽ ቀን ሥራ ነበር።»

ጨርቁን ትከሻቸው ላይ ጥለው ወደ ጀመሩት ሞተር ጎንበስ አሉ።